የማርሱ ሐይቅና አቶ ወርዶፋ

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ ድንጋይና አፈር ማጥናት ነው። የምታጠናው ግን የእኛን አፈር ሳይሆን የጎረቤታችንን የማርስን ነበር። የጠፈር መንኮራኩር ከዚያ የላከውን ፎቶግራፍ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ፣ «እዚህ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ውሃ ተኝቶ ነበር ወይስ አልነበረም?» እያለች ስትመራመር ትውላለች።

ይህች ሴት ያደገችው ሐይቅ ዳር ነው። አባቷ አቶ ወርዶፋ ሰውና እህል የሚያሻግሩ ታንኳ ቀዛፊ ነበሩ። እሷም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታንኳው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ ትሻገር ነበር። ደንገሉ፣ የዓሣው ሽታ፣ ከማዶ ማዶ የሚጠራሩት ሴቶች ድምፅ... ያ ሁሉ ዛሬ የለም። እሷ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ሐይቁ ደረቀ። አሁን በቆሎ ይዘራበታል።

አንድ ቅዳሜ አባቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ፎቶግራፎቹን ይዛ ሄደች። አቶ ወርዶፋ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩ።

«ይህ የት አገር ነው?»

«ማርስ ነው አባዬ። ሌላ ዓለም ነው።»

«ይሁን። ውሃ ነበረው። እዚህ ድረስ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ሸሸ። እዚህ ጋ ብዙ ዓመት ቆመ። ከዚያ እንደገና ሸሸ።» ጣታቸው ፎቶግራፉ ላይ የሚታዩትን የጎድጓዳውን ዳር መስመሮች እየተከተለ ወረደ።

«እንዴት አወቁ?»

«የእኛም ሲሄድ እንዲህ ነው የሄደው» አሉ። «ታንኳዬን የማስረው ግራሩ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ውሃው ሁለት እርምጃ ሸሸ፤ ገመዱን አስረዘምኩት። በዓመቱ ደግሞ ሸሸ፤ ደግሞ አስረዘምኩት። ለማንም አልተናገርኩም።»

«ለምን አባዬ?»

«ታንኳዬ እስከተንሳፈፈ ድረስ ምን ቸገረኝ ብዬ። ያኔ ብናገር ኖሮ፣ ለመስኖ ውሃውን የሚስቡትን ሞተሮች የመንደሩ ሽማግሌዎች ያስቆሟቸው ነበር።»

ልጅቱ የአባቷን እንባ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየች። እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች።

በሳምንቱ አቶ ወርዶፋ በመንደሩ ስብሰባ ፊት ቆመው ያንኑ ተናገሩ። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው። ሐይቁ አልተመለሰም። መንደሩ ግን የቀረችውን አንዲት ምንጭ ዙሪያዋን አጠረ፤ ሞተር እንዳይቀርባትም ተማማለ። ምንጯ ዛሬም ትፈሳለች።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? በቤታችሁ ፍቅር ስንት እርምጃ ሸሽቷል? ትዝ ይላችኋል፣ ከባለቤታችሁ ጋር በአንድ ትሪ ስትበሉ የነበረው ሳቅ? ትዝ ይላችኋል፣ ከወንድማችሁ ጋር ሳትነጋገሩ የማታድሩበት ዘመን? ለጸሎት ስትንበረከኩ ዓይናችሁ እንባ የሚሞላበትስ ጊዜ?

መቼ ሄደ? በአንድ ቀን አልሄደም። በየዓመቱ ሁለት እርምጃ ነው የሄደው። እናንተም አይታችኋል። አይታችሁ «ሥራ በዝቶ ነው» አላችሁ። «ልጆቹ ይደጉ እንጂ ይስተካከላል» አላችሁ። ገመድ አስረዘማችሁ።

ማርስ ላይ ውሃው ሲሸሽ «ኧረ እየሄደ ነው» የሚል ሰው አልነበረም፤ የሚሰማም አልነበረም። በእናንተ ቤት ግን ሰው አለ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ያያችሁትን ለዚያ ሰው ንገሩት። እያፈራችሁም ቢሆን ንገሩት።

እግዚአብሔር አንደበታችሁን ይፍታላችሁ።