ያልደረሰችው አደራ

ተረት ተረት ስል የላም በረት ልትሉኝ አፋችሁን አሰናድታችኋል። ዛሬ ይቅርባችሁ። ይህ ተረት የሚያስቅ አይደለም።

በድሮ ጊዜ፣ መኪናም ናፍጣም እንደ ሰው በሚናገሩበት ዘመን፣ በአንድ ሩቅ ቆላ ገስግስ የሚባል የፊልድ መኪና ነበረ። ሾፌሩ ጫንያለው ይባላል። ጫንያለው ደግ ሰው ነው፤ ግን እንቢ ማለት አያውቅም። እንቢ ማለት የማያውቅ ደግ ደግሞ ያስፈራኛል።

ገስግስ አራት ቀጫጭን ጎማዎች ነበሩት። ጫንያለው አንድ ቀን ከተማ ወጥቶ የሰው መኪና አየና ቀና። ቀጫጭኖቹን አውልቆ፣ ጥርሳቸው የጅብ መንጋጋ የሚያክል አራት ሰፋፊ የጭቃ ጎማዎች አስገባ። አገሩ ጭቃ የለውም፤ ጠጠርና ደረቅ መሬት ነው። ግን ያምራሉ። አሮጌዎቹ ተሰንጥቀው የፍየል ውሃ መጠጫ ሆኑ።

አንድ ማለዳ የእማማ ጥሩዬ ልጅ ዘውድነሽ ምጥ ጠናባት። ጽንሱ ተጋድሞ አልወጣ አለ። አዋላጇ «ከእኔ አቅም በላይ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐኪም ቤት ካልደረሰች የለችም» አለች። ሐኪም ቤቱ ያለው ከተማ ነው። በገስግስ ሆድ ያለው ናፍጣ ለአንድ መንገድ ብቻ የሚበቃ ነው፤ በመንገዱም ማደያ የለም።

እማማ ጥሩዬ ለጉዞ የሚሆን ጉልበት የላቸውም። የልጃቸውን ግንባር ስመው «ጫንያለው፣ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። አደራ» አሉ።

«እኔ እያለሁ፣ እማማ» አለ ጫንያለው።

ባሏ ንጋቱ ጭንቅላቷን ታቅፎ ከኋላ ተቀመጠ። ተነሡ።

ናፍጣ «ወንድሜ ገስግስ» አለ። «በቀጫጭኖቹ ጎማ ቢሆን ኖሮ ደርሰን እተርፍ ነበር። እነዚህ ራሳቸው ሸክም ናቸው። ጠጠሩን እየነከሱ ወደ ኋላ ይጎትቱሃል፤ አንተ በደከምክ ቁጥር የምትጠጣው እኔን ነው። ሌላ ነገር ካልተጨመረ ግን እንደርሳለን።»

ጎማዎቹ ሳቁ። «አንተ የሆድ ዕቃ፣ ስለ መንገድ ምን ታውቃለህ?»

የመጀመሪያው መንደር ደረሱ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው። «ጫንያለው፣ ከተማ ለሚማረው ልጄ ሁለት ጆንያ ማሽላ አድርስልኝ። አደራ።»

ጣሪያው ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶ መጋላው፣ «ለአንዱ ቦታ አለኝ» አለ። ለሁለተኛው ቦታ ጠፋ። ጫንያለው የመሣሪያውን ሣጥን ከነጎማ መንፊያው አወረደና «ስመለስ እወስደዋለሁ» ብሎ ጆንያውን በቦታው ጫነ።

ናፍጣ «እናንተ ማሽላ ጫናችሁ፤ እኔ በየጆንያው አንድ አንድ ጣሳ ጎደልኩ» አለ። የሰማው የለም።

ዘውድነሽ «ንጋቱ፣ ለምን ቆምን?» አለች።

«ትንሽ ነገር ነው፤ አሁን እንሄዳለን» አላት።

ቀጥሎ የደረቀ ወንዝ አሸዋ መጣ። ጫንያለው አሸዋው እንዳይውጣቸው የጎማዎቹን ነፋስ ቀነሰ፤ ተሻገሩ። ጎማዎቹ «አያችሁ? እኛ ባንኖር እዚህ ትቀሩ ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሐሰት አልጨምርባቸውም። ግን የአሸዋው ወርድ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚሻገረው ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ደረቅ መሬት ነው፤ ነፋሱን የሚመልሰው መንፊያ ደግሞ ከሽማግሌው ደጅ ቀርቷል። ጎማዎቹ እንደ ሊጥ ተጠፍጥፈው መንገዱ ላይ ተጣበቁ።

«አሁንስ በአፍህ ደፍተህ እየጠጣኸኝ ነው» አለ ናፍጣ።

«ምን ላድርግ?» አለ ገስግስ።

ሁለተኛው መንደር ላይ አንዲት ሴት ከተማ ላለ ወንድሟ ሁለት ሙክት ጣሪያው ላይ አሳስራ ሰደደች። አደራ። ንጋቱ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው። ምላሴ በተቆረጠ የሚባለው ሲናገሩ ብቻ አይደለም፤ ዝም ሲሉም ነው።

ዘውድነሽ በቀጭን ድምፅ «ንጋቱ፣ ለምን ቆምን?» አለች።

«አሁን እንሄዳለን» አላት።

ሦስተኛው መንደር ላይ አንድ አባት ከተማ ለተዳረች ሙሽራ ልጁ የዋንዛ አልጋ ይዞ ቆሞ ነበር። «ልጄ በባዶ ቤት እንዳታፍርብኝ። አደራ።» ፖርቶ መጋላው እየተንቋቋ «ከሙክቶቹ በላይ ይሆናል» አለ። አልጋው ታሰረ።

ከመንገዱ ዳር አንዲት አህያ ከነጭነቷ ተኝታ ነበር። «ገስግስ» አለች፣ «ሲከብድህ ለምን አትተኛም? እኔ እደበደባለሁ፤ ግን ያወርዱልኛል።»

«እኔ የምተኛው አንዴ ብቻ ነው» አለ ገስግስ።

በዚህ በሦስተኛው መንደር ዘውድነሽ ለምን ቆምን አላለችም።

ከከተማው በላይ ካለው ዳገት ላይ ገስግስ ሁለቴ አስሎ ቆመ፤ የተጠፈጠፉት ጎማዎችም ቁልቁል አልሽከረከር አሉ። የሐኪም ቤቱ ቆርቆሮ ከታች ያበራል። ናፍጣ በመጨረሻ ጠብታው «እኔ አልከዳሁም» አለ። «በየመንደሩ አከፋፈላችሁኝ።»

ጫንያለው ጮኸ፣ መሬት ደበደበ። ከዚያ የሙሽራዋን አልጋ አወረዱና ዘውድነሽን አስተኟት፤ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አገዙና በሩጫ ወረዱ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ንጋቱ እጇን ሲይዘው ቀዝቅዞ ነበር። እሷም በሆዷ ያለውም አልተረፉም።

በማግስቱ ተማሪው ማሽላውን ተቀበለ። ወንድምየው ሙክቶቹን ተቀበለ። ሙሽራዋም፣ ማን እንደተኛበት ሳይነግሯት፣ አልጋዋን ተቀበለች። ሁሉም «እግዜር ይስጥልን፣ ታማኝ ሰው ነህ» ብለው ላኩበት።

ጫንያለው ወደ ቆላው ሲመለስ እማማ ጥሩዬ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁት። አላለቀሱም። «የሰዉ አደራ ሁሉ ደረሰ አሉ» አሉት። «የእኔስ?»

እንቢ የማይል ትከሻ አደራ በላ ነው።

ተረቴን መልሱ አልላችሁም። የሚመለስ ነገር ቢኖር፣ እማማ ጥሩዬ ቀድመው ባስመለሱ ነበር።