ያልተነካው ቀይ ቁልፍ

አንድ የስልክ መተግበሪያ የሚሠራ ባለሙያ ነበረ፤ ስሙ ናሁሰናይ ይባላል። ይህ ሰው ከጤና ጣቢያ ርቀው ለሚኖሩ ነፍሰ ጡር እናቶች አንድ መልካም ነገር ሠራ። ምጥ የመጣባት እናት ስልኳን ከፍታ የስልክ ምልክት ያለበትን ትልቅ ቀይ ቁልፍ ስትጫን፣ ያለችበት ቦታ ወዲያው ለአምቡላንሱ ሹፌር ይደርሰዋል። ወረዳው ያለው አምቡላንስ አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የጥሪው መድረስ አለመድረስ የሁለት ነፍስ ጉዳይ ነበር። ቁልፉን ቀይ ያደረገውም አስቦበት ነው፤ ቀይ አደጋን ያመለክታል ብሎ።

ሥራው ቅዳሜ ሊመረቅ፣ ማክሰኞ ዕለት አሥራ ሁለት እናቶችን ቀበሌ አዳራሽ ሰብስቦ ዳቦና ለስላሳ አቀረበላቸው። እየዞረም "ይቺን ትነኪያለሽ፤ አለቀ" እያለ ለእያንዳንዷ አሳየ። በመጨረሻ "እንዴት ነው፣ ያስቸግራል?" ብሎ ጠየቀ።

"ኧረ በጣም ጥሩ ነው፤ እጅህ ይባረክ" አሉት ሁሉም።

መቼስ የሰው ዳቦ እየበላ "ሥራህ አልገባኝም" የሚል እንግዳ በእኛ አገር ገና አልተወለደም። ናሁሰናይ ግን አንድ ወረቀት ላይ "ሁሉም ወደውታል" ብሎ ጻፈና ደስ ብሎት አደረ።

በማግስቱ ወረቀቱን ለአምቡላንሱ ሹፌር ለጋሽ ተካልኝ አሳያቸው። ጋሽ ተካልኝ በዚያ አቧራ መንገድ ሃያ ዓመት የተመላለሱ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው።

"ሲጠሩበት አየህ ወይስ ሲያመሰግኑህ ሰማህ?" አሉት።

"አሳይቻቸዋለሁ እኮ ጋሼ፤ ገብቷቸዋል።"

"ምጡ ሲመጣስ አጠገቧ ቁጭ ብለህ ታሳያታለህ?"

ናሁሰናይ ቅር አለው። ስድስት ወር የደከመበትን ሥራ መኪና የሚነዳ ሰው ሲያርመው ማን ደስ ይለዋል? ነገር ግን ጋሽ ተካልኝ "ሳታሳያቸው ሲጠሩበት እንይ" ሲሉት እሺ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ማክሰኞ ያልነበሩ አምስት እናቶች አንድ በአንድ ወደ አንዲት ክፍል ገቡ። ዳቦም የለም፣ ማሳየትም የለም። ጋሽ ተካልኝ ናሁሰናይን "እጅህን ጭንህ ሥር አድርገህ ተቀመጥ፤ አፍህንም ያዝ" ብለውታል።

መጀመሪያ የገባችው የስምንት ወር እርጉዝ የሆነችው ብርነሽ ነበረች።

"ምጥ መጣብሽ እንበል ልጄ። ቤት ውስጥ ብቻሽን ነሽ። በይ እኔን ጥሪኝ" አሏት ሹፌሩ ስልኩን እየሰጧት።

አውራ ጣቷ ወደ ቀዩ ሄደና ሳይነካው ተመለሰ። ሌላ ቦታ ነካካች። እንደገና ወደ ቀዩ ሄደች፣ እንደገና ተመለሰች። ናሁሰናይ "ቀዩን! ቀዩን!" ሊል ከንፈሩ ላይ ደርሶ ዋጠው። ሦስት ደቂቃ እንዲህ አለፈና ብርነሽ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"እኔ ነኝ የማላውቅበት እንጂ ስልኩስ ጥሩ ነው" አለች አፍራ።

"የተፈተንሽው አንቺ አይደለሽም ልጄ፤ የተፈተነው የሱ ሥራ ነው። ቀዩን ለምን ተውሽው?"

"ቀዩማ መዝጊያው ነው። ስልክ ሲደወል አረንጓዴው ያነሳል፣ ቀዩ ይዘጋል። ጥሪው እንዳይቋረጥብኝ ብዬ ነዋ።"

ከአምስቱ አራቱ እንደዚያው አደረጉ። ናሁሰናይ መጀመሪያ ያሰበው ማክሰኞ ያመሰገኑትን ነው፤ አፈረ። ቀጥሎ ዕለቱ ሐሙስ መሆኑ ትዝ አለው፤ ገና ቅዳሜ አልደረሰም። ያን ጊዜ ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሳለት ያህል ተነፈሰ።

"ሳይቃጠል በቅጠል አሉ። ተመስገን ነው" አሉት ጋሽ ተካልኝ።

በዚያው ቀን ቁልፉን አረንጓዴ አደረገው፣ የአምቡላንስ ሥዕልም ጨመረበት። ዓርብ ሌሎች አምስት እናቶችን አስገብቶ እጁን ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። አምስቱም ማንንም ሳይጠይቁ ጠሩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋሽ ተካልኝ ምሳቸውን ሲበሉ ስልካቸው ጮኸ። ጉርሻቸውን ትተው ተነሱ። አመሻሹ ላይ ለናሁሰናይ ደወሉለት።

"ብርነሽ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሁለቱም ደህና ናቸው። ባሏ ገበያ ሄዶ፣ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች፤ አረንጓዴውን ነክታ የጠራችኝ ራሷ ናት።"

ናሁሰናይ በደስታ "ተመስገን!" አለ።

ወገኖቼ፣ ሰው ይሉኝታ አለው፤ አፉ ደግ ነው፣ ሊያሳፍረንም አይፈልግም። እውነቱን የምናገኘው አፋችንን ይዘን እጁን ስናይ ነው። ለሰው ብለን የሠራነውን ሥራ ሰው በእጁ ሳይዘው አልቋል አንበል። እርስዎስ "በጣም ጥሩ ነው" የተባለልዎትን ሥራ፣ ሰው ብቻውን ሲጠቀምበት ዝም ብለው አይተውት ያውቃሉ?