ይቺን ስትመለሱ

ወሬያችሁን ዋጥ አድርጉና ስሙኝ ልጆቼ። ያ በሽታ ስሙ በሹክሹክታ በሚጠራበት፣ መድኃኒቱም ገና ብቅ ባለበት ዘመን፣ በዚሁ በቀዬያችን ይርገዱ የምትባል ሹሩባ ሠሪ ነበረች። ከሚዶዋና ከጣቶቿ በቀር ሀብት አልነበራትም።

ባሏ ከስቶ ከስቶ ሞተ። ይርገዱ ፈራች። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ብቻዋን ጤና ጣቢያ ወረደች። በሽታው ተገኘባት። አለቀሰች፤ አልቅሳም ተመለሰች።

ዓመት ሳይሞላ፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ባለጎተራ ሰው ሽማግሌ ላከባት። ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር? እሷ ግን በሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ፣ «ባሌን የገደለው በሽታ በእኔም ደም ውስጥ አለ። ሰው አልገድልም» አለች። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

እውነት ተናግሮ ማን ተመሰገነ? ለሹሩባ ራሷን የምትሰጣት ሴት ጠፋች። ሚዶዋን እንደ እባብ ሸሹት። ደጇ ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ የሚመጣ የለም። አንዲት ብቻ መጣች፤ እናት የሌላት፣ አጎቷ ዘንድ የምታድግ ስንዱ የምትባል ልጅ። «ቅማል ፈጀኝ እኮ እትዬ» ብላ ራሷን ይርገዱ ጭን ላይ ጣለች። ይርገዱ እያለቀሰች ሠራቻት። ስንዱ ምንም አልሆነችም። መንደሩም ይህን አየና አፍሮ ተመለሰ።

ስንዱ አደገች። ሰሊጥ አገር ከርሞ ለመጣ እሸቴ ለሚባል ጎረምሳ ታጨች። በሰርጉ ዋዜማ ይርገዱ ሙሽራዋን ሠርታ ሠርታ፣ ግንባሯ ላይ አንዲት ጉንጉን ስትቀር እጇን ሰበሰበች።

«ይቺን ሁለታችሁም ተመርምራችሁ ስትመለሱ።»

አጎትየው ጦፈ። «ድግሱ ደርሶ! አንቺ መዓተኛ፣ ሰርጌን ልታፈርሺ ነው? እናንተ፣ አንዳችሁ ጨርሱላት!»

ቤቱ ሙሉ ሴት ነበር። አንዲትም እጇን አልዘረጋችም።

ስንዱ ተነሣች። «እሱም እኔም ሳንመረመር አልዳርም፣ አጎቴ» አለች። ያቺን ያልተጎነጎነች ጸጉር ግንባሯ ላይ እንዳንጨበረረች ወጣች። እሸቴንም ከቤቱ ጠራችው፤ እየተሳደበ ተከተላት።

በሽታው ስንዱ ላይ አልተገኘም። እሸቴ ላይ ተገኘ።

ሰርጉ ቀረ፤ ጠላው ኮመጠጠ። አጎትየው ይርገዱን ረገማት። እሸቴ ቤቱን ዘግቶ ተኛ። ይርገዱ እሱ ዘንድ ሄደች፤ ጤና ጣቢያ የሚሰጣትን ኪኒን ፊቱ ዋጠች። «እስቲ እየኝ፤ ሞቻለሁ ወይ? ተነሥ፣ ያንተን እናምጣ» አለችው። ተነሣ።

ከዚያ ስንዱን ጭኗ ላይ አስተኝታ ያቺን የቀረች ጸጉር ጎነጎነችላት። «ለሰርግሽ አይደለም ልጄ፤ ለዕድሜሽ ነው» አለቻት።

ይርገዱ አርጅታ፣ ጸጉሯ ነጭ ሆኖ ሞተች። መቃብሯን የቆፈረው እሸቴ ነው። ስንዱም የወለደቻቸውን ልጆች አስከትላ አለቀሰችላት።

ዛሬም በእኛ አገር ሙሽራ ተሠርታ ስታበቃ አንዲት ጉንጉን ይቀራታል። እሷም እሱም ሳይመረመሩ አትጎነጎንላትም። እንዲያ ሆና ጤና ጣቢያ ስትወርድ እንግዳ አይቶ ቢስቅባት፣ የእኛ ሴቶች «ተዋት፤ ይርገዱ ልካት ነው» ይሉታል።