እርሳስ የተለበጠው ወቅፍ

ዙሪያዋን በግንብ በታጠረች አንዲት ጥንታዊ የንግድ ከተማ ሐጂ ጀውሃር የሚባሉ መዳብ ቀጥቃጭ ሽማግሌ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ባለቤታቸው ሱዓድ ስትሞት ሐዘናቸውን በመዶሻቸው ተወጡት። አንድ ትልቅ የመዳብ የውሃ ጋን ሠርተው፣ ሰደቀቱል ጃሪያ፣ ከሞት በኋላም ምንዳው የማይቋረጥ ሰደቃ፣ ይሁናት ብለው በስሟ ለከተማዋ የቁርኣን ትምህርት ቤት፣ ለመድረሳው፣ የማይሸጥ ወቅፍ አድርገው ሰጡት። በዚያ ዓመት የመዳብ ዕቃ የሚለበጥበት ቆርቆሮ ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር ውስጡን የለበጡት ጥይት በሚሠራበት እርሳስ ነው። እርሳስ ሲቀልጥ ጢሱ ቀጥቃጩን እንደሚያሳምም ያውቃሉ። ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ጉዳት ያለው አልመሰላቸውም።

የመድረሳው መምህር ኡስታዝ ሰልማን ሐሙስ ሐሙስ ጋኑን ሎሚና ማር ባለበት ውሃ ሞልተው ቁርኣን እያነበቡ ይቀሩበታል። ልጆቹ ትምህርታቸውን ሲያሰሙ ከእሱ ይጠጣሉ፤ እናቶችም ለታመመ ልጅ በቅል እየቀዱ ይወስዳሉ። በረካ አለው ተባለ። ሎሚው እርሳሱን እየበላ ወደ ውሃው እንደሚያወጣው ማን ይወቅ!

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ይገረጡ፣ ሆዳቸውንም ይቆርጣቸው ጀመር። ከሁሉም የባሰባት ሙፊዳ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። የቁርኣንን አጫጭር ሱራዎች በቃሏ የጨረሰችው ልጅ የመጀመሪያዋን ሱራ ፋቲሐን እንኳ መሐል ላይ ትረሳው ጀመር። ሰው ሁሉ ዓይን በልቷት ነው አለ። እናቷ ዘሀራም ከጋኑ ውሃ ጠዋት ማታ አጠጣቻት። ባጠጣቻት ቁጥር ባሰባት።

ሐጂ ጀውሃር ልጅቷን ሊጠይቁ ሄዱ።

"ከቁርኣኑ ቅሪልኝ እስቲ ልጄ" አሏት።

አፏን ስትከፍት በድዷ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ መስመር አዩ። ይህን መስመር ከዚያ በፊት ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እርሳስ ሲያቀልጡ ኖረው እጃቸው ዝሎ በሞቱት በሙያ መምህራቸው ድድ ላይ። ወደ እናቷ ዞሩ።

"ዘሀራ፣ ከዚያ ጋን ከእንግዲህ ጠብታ እንዳትሰጫት።"

"ምነው ሐጂ? ያ ሁሉ በረካ እያለው?"

"ውስጡ እርሳስ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ከዚያው ወደ ኡስታዝ ሰልማን ሄደው ሁሉንም ነገሯቸው። ኡስታዙም፣ "ሐጂ፣ አላህ የሸፈነውን እኛ ምን አስገለጠን? ተሸነቆረ ብለን እናንሳው። የእርስዎም ስም ይጠበቃል፣ የሟቿም ሰደቃ አይነቀፍም" አሉ።

ሐጂ ተፈተኑ። ልጅ አልወለዱም። የሱዓድ ስም በሰው አፍ የሚነሳው ያ ውሃ ሲጠጣ ብቻ ነበር።

"በየቤቱ በቅል ያስቀመጡትን እናቶች ማን ይነግራቸዋል?" ሲሉ ጠየቁ።

የጁሙዓ ሰላት እንዳበቃ ሐጂ ጋኑን አስወጥተው መስጊዱ ደጅ ላይ አስቀመጡት። የሆነውን ሳይቀንሱ ተናገሩ። "በየቤታችሁ ያለውን ድፉት። ልጆቻችሁን የጎዳሁት እኔ ነኝ። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፤ አውፍ የማይለኝም ሐቁ ነው።" ከዚያም መዶሻቸውን አንስተው እያለቀሱ ጋኑን ጨፈላለቁት።

አንድ ሽማግሌ ከሕዝቡ መሐል፣ "ኧረ ሐጂ! ኒያዎ፣ ሐሳብዎ እኮ ንጹሕ ነበር!" አሉ።

ሐጂ ጀውሃር ቀና ብለው፣ "ኒያዬን አላህ ያየዋል። ውሃውን ግን የጠጡት ልጆቹ ናቸው" አሏቸው።

ሙፊዳ በሕይወት ተረፈች፤ የረሳችው ሱራ ግን ሁሉም አልተመለሰላትም። ታሪኩን ለማሳመር ብዬ ይህን አልደብቅም። ተጸጽቶ መመለስ፣ ተውበት፣ ያለፈውን ጉዳት ሁሉ ባይጠግንም የሚመጣውን ያቆማል። እኛ በየግቢያችን እርሳስ ያለበትን አሮጌ ባትሪ እያቀለጥን፣ እርሳስ ይኑርበት አይኑርበት ባልጠየቅነው ቀለም የሕፃናት ክፍል እየቀባን፣ "ክፉ አላሰብንም" እንላለን። ለልጁ ክፉ የሚያስብማ ማን አለ? ሐጂ በሰው ፊት ያፈሩት አንድ ጁሙዓ ነው። ዝም ቢሉ ኖሮ ግን፣ በማግስቱ ጠዋት ስንት እናት ቢስሚላህ ብላ ልጇን ታጠጣ ነበር?