ዋርካው ላይ የተለጠፈው የጅብ ግኝት

አንድ ጊዜ፣ «ሁሉንም ጥያቄ መልስ፤ ባዶ ቦታ ብቻ እንዳትተው» አለች ቀበሮ ለጅብ። ሁለቱ ዋርካው ሥር ሰልፍ ይዘዋል። ከኋላቸው አህዪት ቆማለች፤ የመጣችው አዲስ የተለጠፈ ነገር ልታነብ ነው።

በዚያ አገር አንድ ነገር አገኘሁ የሚል እንስሳ ሽማግሌዎቹ እስኪመረምሩለት አይጠብቅም። ጽፎ ዋርካው ላይ ይለጥፋል። ውሸት ሲበዛ ጊዜ ግን በቀቀን ተቀጠረ። በቀቀን አምስት ጥያቄ ይጠይቃል። መልስ ካገኘ «አለ!»፣ ካጣ «የለም!»። አምስቱንም ያሟላ ወረቀት አረንጓዴ ቅጠል ይለጠፍበታል። በቀን መቶ ወረቀት ያሳልፋል፤ የአንዱም ነገር አይገባውም።

«ግኝትህ?» አለ በቀቀን ጅብን።

«አህያ በሯን ከፍታ ካደረች ሳል ይለቃታል» አለ ጅብ።

የአህዪት ጆሮ ቀጥ አለ።

«በስንት አህያ ሞከርከው?»

«በሰባት።»

«አለ! እንዴት?»

«በር አስከፍቼ ገባሁ።»

«አለ! ስትመራመር ማን ቀለበህ?»

ጅብ ወደ ቀበሮ ዞረ። «እውነቱን ልናገር?»

«ተናገር፣ ምን ቸገረህ!»

«ራሳቸው ሰባቱ።»

«አለ! ማስረጃው የት ይገኛል?»

«ሆዴ ውስጥ።»

«አለ! ሊደገም ይችላል?»

«ዛሬውኑ!» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ።

«አለ!»

ቅጠሉ በጅብ ወረቀት ላይ ተለጠፈ።

«ኧረ አያ በቀቀን!» አለች አህዪት። «ሆዴ ውስጥ እኮ ነው ያለው!»

«ቦታው ተገልጿል።»

«በላኋቸው ማለቱ ነው!»

«እሱ ስድስተኛ ጥያቄ ነው። እኔ የተቀጠርኩት ለአምስት።»

አህዪት ወደ መንደሯ ስትጋልብ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ጎረቤቶቿ በር ይነቅላሉ። እናቷም የበሯን መወርወሪያ ስባ አውጥታለች።

«እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሳሌ ሁለት ክረምቱ፣ ልጄ። ቅጠሉን አላየሽም?»

«ቅጠሉን አየሁት። ወረቀቱንም አነበብኩት።»

«እኔ ደግሞ ለማንበብ ጊዜ የለኝም» አለች እናቷ፤ ሳለችና በሩን ገፋ አድርጋ ከፈተችው።

አህዪት በቀጥታ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ወደሆነው ወደ አንበሳ ሄደች። አንበሳ ሕግ አክባሪ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት ማንንም አይበላም።

«ጌታዬ፣ ምሳ በልተዋል?» አለችው፣ ራቅ ብላ ቆማ።

«አልቀመስኩም።»

«እንግዲያው ለምርመራ ይመቻሉ።»

ከቀትር በኋላ አህዪትና አንበሳ የጅብ ደጅ ደረሱ። ጉድ ሊያይ የመንደሩ አህያ ሁሉ፣ እናቷም እየሳለች፣ ከኋላ ተከትሏል።

«አያ ጅቦ! ግኝትህን ልንደግመው መጣን!» አለች አህዪት።

ጅብ ከበሩ ብቅ ብሎ ያን ሁሉ አህያ ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ግቡ፣ ግቡ! ቤት ለእንግዳ!»

«እኛማ አንገባም። ባለፈው ሳምንት አንተም ስትስል ሰምተናል። ዛሬ በርህን ከፍተህ የምታድረው አንተ ነህ። የሚገባው ጌታችን አንበሳ ነው።»

«በአንድ ጅብ እንጀምራለን» አለ አንበሳ። «ሰባት እስኪሞላ።»

ጅብ ሳቀ። ብቻውን መሳቁን ሲያውቅ ተወው። «ጌታዬ... ማስረጃውን የት ሊያስቀምጡት ነው?»

አንበሳ ሆዱን አሻሸ።

ጅብ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ደግሞ አንድ። በሩ ድርግም! ብሎ ተዘጋ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጥያቄ ሁሉ መመለሱን የሚቆጥር ቢሾምም፣ መልሱን አንብቦ «እስቲ በራስህ ድገመው» የሚል እስካልተገኘ ድረስ፣ አረንጓዴ ቅጠል ጅብን ቤት ከመግባት እንደማያግደው ነው።