ሳይሞት የተለቀሰለት ቲማቲም

ተረቴ ደጅ ቆሟል። «ይግባ» በሉት እንጂ፣ ቆሞ እንዲውል ነው?

እንግዲህ ድሮ፣ አትክልት አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ከወንዝ ዳር አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ጦርነት ያባረራቸው ሰዎች ወንዙን ተሻግረው መጡና ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ሰፈሩ። ለእያንዳንዱ ቤት የጓሮ መሬት ተሰጠ። ጓሮው ግን ባዶ ነበር። ተማሪዎቹም «ችግኙ በእኛ ይሁን» አሉና ጎመን፣ ቃሪያና ቲማቲም አፈሉ። ጎመንና ቃሪያው በዝቶ በቀለ። ቲማቲሙን ዶሮ ጫረውና አንድ ብቻ ተረፈ።

ይህ አንዱ ከሰፋሪዎቹ አንዷ ለሆኑት ለእትዬ ኛማል ተመደበ። ትንሿ ልጃቸው አገሯን ከለቀቀች ጀምሮ «ቲማቲም አምጪ» እያለች እናቷን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታለች።

ችግኝ ከመዛወሩ በፊት አንድ ሳምንት ይለማመዳል፤ የጥላው ዳስ ይነሳል፣ ውሃው ይቀነሳል። የተማሪዎቹ አለቃ አቻላ ይህንኑ ለችግኞቹ ነገረቻቸው፦ «ፀሐይና ጥም ካልለመዳችሁ እዚያ ሄዳችሁ ትወድቃላችሁ።»

ጎመን «እሺ» አለ። ቃሪያ ተሳደበ፣ ግን ቻለው። ቲማቲም ዞር ብሎ ጣሳን ጠራት። ጣሳ ማጠጫ ናት፤ ቂጧ በምስማር የተበሳሳ፣ ሆደ ቡቡ።

«እህቴ ጣሳ፣ ጠማኝ» አላት በመጀመሪያው ቀን። አንጠባጠበችለት።

«እህቴ ጣሳ፣ ራሴን አዞረኝ» አላት በሁለተኛው ቀን። አንጠባጠበችለት።

«እህቴ ጣሳ፣ በቃ መሞቴ ነው» አላት በሦስተኛው ቀን። ጣሳ ያላትን ሁሉ አፈሰሰችለት።

እንዲህ እያሉ ሳምንቱን ጨረሱት። ቲማቲም ወፈረ፣ ለሰለሰ፣ ጎመንን «ክሳትህን እየው» ይለው ጀመር።

የመትከያው ቀን ደረሰ። ልጆቹ ችግኞቹን ተሸክመው እትዬ ኛማል ጓሮ ገቡ። ጎመን ተተከለ፣ ቆመ። ቃሪያ ተተከለ፣ እየተሳደበ ቆመ። ቲማቲም ተተከለና ፀሐይ ስታየው ዘፍ አለ።

ይህን ጊዜ የጎረቤቷ እሜቴ ፍየል በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ለቅሶ ጀመረች። «ወየው ወንድሜን፣ ምነው በለጋነቱ» እያለች ደረቷን መታች። በምን መታች አትበሉኝ፤ በሰኮናዋ መታች።

«አስከሬን ውሎ አያድርም፤ ስጡኝና ልቅበረው» አለች።

«የት ልትቀብሪው ነው?» አለ ቃሪያ።

«ከሆዴ የሚቀርበኝ ምን አለ?»

አልሰጧትም። በሌላ በኩል ዞራ መጣች። «ሙት መቅበር ጽድቅ ነው፤ ስጡኝ» አለች። አሁንም አልሰጧትም። በሦስተኛው ሰተት ብላ ገባች። «ንፍሮም አልጠይቃችሁም፤ እሱን ብቻ ስጡኝ» አለች።

አቻላ ቲማቲሙን ነካ አደረገችው። አልተንቀሳቀሰም። የትንሿን ልጅ ዓይን ማየት አቃታት፤ አፈረች፣ አዘነች። «ሞቷል መሰለኝ እትዬ ኛማል፣ ልንቀለው» ብላ እጇን ሰደደች።

«ተይው ልጄ» አሉ እትዬ ኛማል። ሁለት እንጨት ተክለው፣ የትከሻቸውን ጨርቅ ከላይ ጣል አድርገው ጥላ ሠሩለት። ጥቂት ውሃም ሰጡት። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጡ።

«እኔም እዚህ የደረስኩ ቀን ወድቄ ነበር። ሦስት ቀን አልተነሳሁም። ሰዎች ውሃ አቀረቡልኝ እንጂ ማንም ሞታለች ብሎ አልነቀለኝም።»

አቻላ እጇን ሰበሰበች። ፍየሏ ግን ባዶ አፏን ታመነዥካለች።

በሦስተኛው ቀን ቲማቲም አንድ ቅጠሉን ቀና አድርጎ «ያቺ አልቃሻ ሄደች?» አለ። ልጅቷ እየሮጠች እናቷን ጠራች፤ እትዬ ኛማልም ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ።

ፍየሏ አጥሩ ላይ ቆማ «ታዲያ ያን ሁሉ ያለቀስኩት በከንቱ ነው?» ብላ ተቆጣች። እስከ ዛሬም እንዳኮረፈች ናት።

አዲስ የመጣ ቢወድቅ ጥላ ያዙለት፤ ለቀብሩ የሚቸኩለውን ግን ጥርሱን እዩት።