አራሷ አህያ

አንድ ጊዜ ባለቤቶቹ ጥለውት በሄዱት ግቢ ውስጥ አንዲት ዶሮና አንዲት አህያ ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። ሰዎቹ ወደ ከተማ ሲገቡ አህያዋን «አርጅታለች» ብለው ተዉአት፤ ዶሮዋን ደግሞ ሊይዟት ቢሯሯጡ አልያዝ አለቻቸው። አንዷ በእርጅናዋ፣ ሌላዋ በእግሯ ተርፈው ግቢው የሁለቱ ሆነ።

እመት ዶሮ ሐዘን ነበረባት። ሦስት ጊዜ እንቁላል ታቅፋ ሦስት ጊዜ ባዶ ቀርታለች። የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶች ጭልፊት አንድ በአንድ ለቀመባት። ሁለተኛዎቹን ገና እንቁላል ሳሉ፣ ውሃ ልትጠጣ ብድግ ባለችበት ቅጽበት ሸለምጥማጥ መጠጣቸው። በሦስተኛው ጊዜ እመት ቀበሮ ራሷ መጣች፤ ዶሮዋም የጅራቷን ግማሽ ትታላት አመለጠች። አሁን ደግሞ ከጎረቤት አውራ ዶሮ አሥራ ሦስት እንቁላል ጥላለች። ዕድሜዋን ታውቃለችና ከእነዚህ በኋላ ሌላ እንደማይኖር ገብቷታል።

«እህቴ፣» አለቻት አህያዋን፣ «ስታቀፍ እኔን ይበሉኛል፣ ስነሳ እነሱን ይበሉብኛል። ምን ይሻለኛል?»

አህያዋ ለመልስ የምትቸኩል እንስሳ አይደለችም። ጆሮዋን አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ አድርጋ አሰበች።

«እኔ ብልህ አይደለሁም፤» አለች በመጨረሻ። «ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። ፋንድያዬ የተከመረበት ቦታ ጠዋት ጠዋት ይጨሳል። ውርጭ በወረደ ቀን እንኳ ሆዴን አስጠግቼ እሞቀዋለሁ። የቸገረሽ ሙቀት ከሆነ እኔ ጋ ሞልቷል።»

ዶሮዋ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና ክምሩ ላይ ወጣች። ላባዋን ገልጣ በደረቷ ቆዳ ለካችው። ልክ የራሷ ብብት ነው። «አህያ የለኝም፣ ከጅብ አልጣላም» እያለች ለኖረች ዶሮ ከአህያ ጋር መዋዋል ቀላል ነገር አልነበረም፤ ግን ተዋዋሉ።

አንገቱ የተሰበረ እንስራ ፈልገው ፋንድያው መሀል ቀበሩ። ውስጡን የጤፍ ጭድ ጎዘጎዙለት። የእንቁላሎቹ ቅርፊት እንዳይደርቅ በጥጉ ውሃ የያዘ ገል አስቀመጡ። አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድነው ለአየር ላባ የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉለት። ዶሮዋ በቀን ሦስት ጊዜ ድንጋዩ ተነስቶላት እየገባች እንቁላሎቹን በመንቆሯ ታገላብጣለች፤ አህያዋ የታችኛውን ከንፈሯን አስገብታ ሙቀቱን ትፈትናለች። ሲበርድ ትኩስ ፋንድያ ይጨመራል፣ ሲግል ክምሩ ይገለጣል።

በአራተኛው ቀን አህያዋ ደግ የሠራች መስሏት የጠዋት ፋንድያዋን በሙሉ እላዩ ላይ ከመረችበት።

«ልናስፈለፍላቸው ነው ወይስ ልንቀቅላቸው?» ብላ ጮኸችባት ዶሮዋ።

አህያዋ አፈረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳትጠየቅ አንዲት ፍሬ እንኳ አልጨመረችም፤ ይህ ለአህያ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በሳምንቱ ዶሮዋ እያንዳንዱን እንቁላል በጠዋት ፀሐይ ፊት እያቆመች አየች። በአሥራ አንዱ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ የደም ሥር ይታያል። ሁለቱ ግን ባዶ ውሃ ነበሩና አወጣቻቸው።

በቀሩት ቀናት አጥር ሠሩ። ዶሮዋ የተጠቃችባቸውን መንገዶች ሁሉ ታውቃቸዋለች፤ መከራ ጥሩ ግንበኛ ያደርጋል። ለሚቆፍር ጠላት አንድ ክንድ ወደ ታች ድንጋይ ቀበሩ። ድንጋዩን የተሸከመችው አህያዋ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸከም ኖራ ለራሷ ቤት ስትሸከም ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ለሚዘል ጠላት በላዩ የቀጋና የግራር እሾህ ከመሩ። ለጭልፊት ደግሞ ከአናት ሐረግ ጠላለፉ። በሩ ወፍራም ሳንቃ ሆኖ ከውስጥ በከባድ መወርወሪያ ይዘጋል። መወርወሪያውን አህያዋ በጥርሷ ካላነሳችው የሚያነሳው የለም።

«ይህ በር ከእኛ በቀር ለማንም አይከፈትም፤» አለች ዶሮዋ።

«ለማንም፤» አለች አህያዋ።

በሃያ አንደኛው ቀን ከእንስራው ውስጥ ጭው ጭው ተሰማ። አንዱ እንቁላል ሳይፈነዳ ቀረ፤ አሥሩ ግን ተፈለፈሉ። ብቅ ሲሉ መጀመሪያ ያዩት የአህያዋን ከንፈር ስለነበር እሷን ተከትለው ሄዱ። ዶሮዋን ትንሽ ቅር አላት። ቢሆንም አሥር ጫጩት በእግሩ ሲሄድ እያየች የምታለቅስ ሞኝ አይደለችም።

የጫጩት ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። እመት ቀበሮ ሰማችና መጣች። ብትቆፍር ጥፍሯ ድንጋይ ላይ ተሰበረ፣ ብትዘል እሾህ አፍንጫዋን ቀደዳት። ሌላ ቀበሮ ቢሆን ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። እሷ ግን ቁጥቋጦ ሥር ተጋድማ ሦስት ቀን ሙሉ አጥሩን ትታ ዶሮዋንና አህያዋን አጠናች። ከዚያ ተነስታ ወደ አያ ጅቦ ሄደች፤ የአህያ እርግጫ ምን እንደሚመስል ታውቃለችና ብቻዋን አልደፈረችም።

«አያ ጅቦ፣ ነገ አራስ እንጠይቃለን።»

«የቷን አራስ?»

«አህያዋን።»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ወለደች እንዴ?»

«አስፈለፈለች።»

ጅቦ ይህን ነገር ሊረዳ ሞከረና ተወው። «የወፈረች ናት?» ብሎ ጠየቀ።

«ላንተ ትበቃሃለች። ጫጩቶቹ ለእኔ፣ አህያዋ ላንተ። የአንተ ሥራ ሁለት ነው፤ ነጠላ ትከናነባለህ፣ አፍህን ትዘጋለህ። እዚያ ስንደርስ አክስቴ ነህ።»

«ብትጮህስ? ሰው ቢደርስላት?»

«ማን ይደርስላታል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማህም? እሷ ደግሞ ባልም የላት፤ ያለቻት አንዲት ጅራተ ቆራጣ ዶሮ ናት።»

በማግስቱ ቀበሮዋ ከሰው አጥር ላይ የተሰጣ ነጠላ ሰረቀች። አራስ በባዶ እጅ አይጠየቅምና ገንፎም አገነፋች፤ መሀሉን ጎድጉዳ ቅቤና በርበሬ ሞላችበትና ገበቴውን ለጅቦ አሸከመችው። ግቢው አጠገብ ሲደርሱ ዞር ብላ አየችው። ገበቴው ተልሶ ያበራል።

«ገንፎው የታለ?»

«ከበደኝ። አቃለልኩት።»

ከጅብ ጋር ሥራ የጀመረ ይህን መልመድ አለበት። ቀበሮዋ ባዶውን ገበቴ በነጠላው ጫፍ ሸፍና፣ ድምፅዋን እንደ አሮጊት አቅጥና በሩን አንኳኳች።

«ቤቶች!»

«ማነው?» አለች ዶሮዋ ከውስጥ።

«አራስ ጠያቂ ነን። እትዬ አህያ፣ እንኳን ማርያም ማረችዎት!»

አህያዋ የምታኝከውን አቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው ንግግር «ሂጂ» እና «ቁሚ» ነው፣ ያውም ከዱላ ጋር። ሁለት ውርንጭላ ወልዳ ነበር፤ ያን ጊዜ እንኳ ማንም እንኳን ማርያም ማረችሽ አላላትም። «እርስዎ» ያላትማ ከተፈጠረች ጀምሮ የለም።

«ሰማሽ?» አለች ወደ ዶሮዋ ዞራ። «‹ማረችዎት› አለችኝ።»

ዶሮዋ በሳንቃው ስንጥቅ አጮለቀች። የሚታየው ነጭ ነጠላና የተሸፈነ ገበቴ ብቻ ነው።

«ድምፁን አላውቀውም፤» አለች። «እህቴ፣ ለማንም አይከፈትም ብለን አልነበር?»

«ለሌባ አልን እንጂ ለአራስ ጠያቂም ነው እንዴ? አራስ ጠያቂ ከደጅ ሲመለስ ነውር ነው።»

«እንግዲያው ገንፎውን በሩ ላይ ያስቀምጡልንና ይሂዱ።»

«ውይ፣ እትዬ ዶሮ!» አለች ቀበሮዋ። «የአራስ ገንፎ አራሷን ከበው ሲበሉት ነው እንጂ! እትዬ አህያ ካልፈቀዱልን ግን ምን ይደረጋል፣ እንመለሳለን። አክስቴ ነች የምታሳዝነኝ፤ የእርስዎን መታረስ ሰምታ ስንት አገር አቋርጣ መጣች።»

አህያዋ ወደ በሩ ሄደች። አሥሩም ጫጩቶች ተከተሏት። መወርወሪያውን በጥርሷ ያዘች።

ዶሮዋ በጉልበት አትመልሳት፣ በክርክር ተሸንፋለች። ያ ሳንቃ ከተከፈተ የመጨረሻ ልጆቿ በዓይኗ ፊት ሊያልቁ ነው። ወግ በሩን ሊያስከፍት ከሆነ፣ እሷም ወግ ፈለገች።

«እሺ፣ ይግቡ፤» ብላ ጮኸች። «ግን እንደ ወጉ ይሁን። እልል ሳይባል አራስ ቤት አይገባም። ለወንድ ሰባት ነው፣ ለሴት ሦስት። የእኛዎቹን ወንዱን ከሴቱ ገና አለየንምና ሦስቱ ይበቃናል።»

ቀበሮዋ በዚህ አልተቸገረችም። ሦስት ጊዜ አከታትላ እልልታውን አቀለጠችው። ከማማሩ የተነሳ አህያዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ መወርወሪያውም ከግማሽ በላይ ተነሳ።

«አክስትሽስ?» አለች ዶሮዋ።

«ጉሮሮዋን ያማታል።»

«አንዴ ትበቃታለች። አራስ ደጅ ቆሞ እልል የማይል የከፋው ነው።»

አህያዋ መወርወሪያውን እንደነከሰች ቆመች። «ከፍቷቸዋል እንዴ?» አለች በጥርሷ መሀል።

ከውጭ አያ ጅቦ ተጨነቀ። ምኑም አልከፋውም። እንዲያውም እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም፤ በስንጥቁ የሚመጣው የአህያ ሽታ ራሱን አዙሮታል። ቀበሮዋ «ዝም በል» ለማለት እግሩን ረገጠችው። እሱ ግን «በል እንጂ» ያለችው መሰለው። ነጠላውን ከራሱ ላይ ገፎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከልቡ እልል አለ፦

«አ-ኡ-ው-ው-ው-ው!»

በአካባቢው ያለ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ጫጩቶቹ ተንጋግተው አህያዋ ሆድ ሥር ገቡ። መወርወሪያውም ከአህያዋ ጥርስ አምልጦ ጓ ብሎ ቦታው ላይ ተቀመጠ። አህያ ሞኝ ልትሆን ትችላለች፤ ያንን ድምፅ ግን ከእናቷ ሆድ ጀምሮ ታውቀዋለች።

አያ ጅቦ መደበቁን ትቶ በሩን በደረቱ ገፋው። ሳንቃው ትንሽ ሲርገበገብ አፍንጫውን በስንጥቁ ሰካ። አህያዋ ጀርባዋን ሰጠችው።

«ይግቡ እንጂ፣ እማማ!» ብላ በስንጥቁ የገባ አፍንጫውን በሁለት እግሯ አቀመሰችው።

ጅቦ ወደ ጎን ተፈንግሎ የአጥሩ እሾህ ላይ ወደቀ። አንድ ጥርሱና ነጠላው እዚያው ቀሩ። ሲነሳ አጠገቡ የነበረው በር የማይበገር ነው፤ ቀበሮዋ ግን ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆማለች። ትኩር ብሎ አያት።

«አክስትሽን ርቧታል፤» አላት።

እመት ቀበሮ መልስ ለመስጠት አልቆየችም። ማዶ ያለውን ኮረብታ ሲዞሩ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ አብረው ሲሄዱ ያያቸው የለም።

በግቢው ውስጥ ዶሮዋ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። አህያዋ ግን ራሷን አቀርቅራ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ልከፍት ነበር፤» አለች። «ለአንዲት ቃል ብዬ ልጆችሽን ላስበላ ነበር። ብቻ ማንም ብሎኝ ስለማያውቅ ነው።»

ዶሮዋ አፏን መልሳ ዘጋች። ሃያ አንዱን ቀን በልቧ መልሳ ቆጠረች። ሙቀቱ የአህያዋ፣ ድንጋዩ በአህያዋ ጀርባ፣ ጫጩቶቹም ያሉት አህያዋ ሆድ ሥር ነው። ቁጣዋን ስታስታውስ «ልንቀቅላቸው ነው ወይ» ብላ የጮኸችበት ቀን ትዝ አላት፤ ምስጋናዋን ስትፈልግ ግን አንድም ቀን አጣች። አፈረች።

እሾህ ላይ የቀረውን ነጠላ በመንቆሯ ጎትታ አወረደችና አህያዋ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት። ከዚያ ፊቷ ቆማ ክንፏን አጠፈች።

«እትዬ አህያ፣ እንኳን ማርያም ማረችዎት፤» አለቻት።

ሦስት ጊዜም እልል አለች። የዶሮ እልልታ እንደ ቀበሮዋ አያምርም፤ አሥሩ ጫጩቶች ሲያግዟት ደግሞ ጭራሽ ጫጫታ ሆነ። አህያዋ ግን ቆማ እስኪያልቅ ሰማችው፣ እንባዋም እየወረደ ከንፈሯ ላይ ደረሰ።

ከዚህ የምንማረው አጥር የቱንም ያህል ቢጠብቅ በሩ የሚከፈተው ከውስጥ ስለሆነ፣ የቤታችን ሰው የተራበውን ደግ ቃል ጠላት ይዞት ሳይመጣ እኛው ቀድመን ልንለው እንደሚገባ ነው።